«ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ብለቅ ሁለቱንም ሥራ አጣሁ»፤ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ የገንዘብ ተቋም በጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛነት በ9,000 ብር ደመወዝ ተቀጠርሁ። በዕለቱ ያስፈረሙኝ ውል ሁለት ዓመት ሳላገለግል ብለቅ «ለሥልጠና ወጪና ለመቀጫ» 50,000 ብር እንድከፍል፣ ከለቀቅሁም በኋላ ለሁለት ዓመት በአማራ ክልል ውስጥ በማናቸውም ባንክ ወይም አነስተኛ የገንዘብ ተቋም እንዳልቀጠር ያስገድዳል። ሥልጠና የተባለው በቅርንጫፉ አዳራሽ ለአምስት ቀን ተቀምጠን የሥራ መመሪያ ያነበብንበት ነው። ኦሪጅናል ዲግሪዬ እነሱ ዘንድ ተቀምጧል፤ ዋስ የሆነኝም ኮምቦልቻ ሱቅ ያለው አጎቴ ነው።

14 ወር ከሠራሁ በኋላ ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በተሻለ ደመወዝ ሊቀጥረኝ ስለተስማማ፣ ጥር 5 ቀን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ አስገባሁ። ጥር 17 ቀን ግን «ውልዎን በማፍረስዎ ከሥራ ተሰናብተዋል» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ፤ የወሩን ደመወዜንም ለዕዳ ብለው ያዙት። አዲሱ ባንክ ክሊራንስ (ከቀድሞ አሠሪዬ ዕዳ እንደሌለብኝ የሚገልጽ ወረቀት) እንዳመጣ ሲጠይቀኝ ማምጣት ስላልቻልሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ። አጎቴ «ሱቄን ሊያሸጡብኝ ነው» እያለ ተጨንቋል፤ እናቴ ደግሞ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ትመክረኛለች። የፈረምሁት ራሴ ስለሆንሁ መብት የለኝም ማለት ነው?
ስሜ እንዳይገለጥ፤ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ፊርማዎ ያስገድድዎታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠር መሆኑን ይደነግጋል፤ «አላነበብሁትም» ወይም «ሥራ ቸግሮኝ ነው የፈረምሁት» የሚለው መከላከያም በችሎት ፊት እምብዛም አይረዳም። ይሁን እንጂ የሥራ ውል እንደ መኪና ሽያጭ ለተዋዋዮቹ ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 የሥራ ውል በሕግ ከተወሰነው ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛው ሊያስቀምጥ እንደማይችል ይናገራል። ስለዚህ «ፈርሜያለሁ» ከማለት ቀጥሎ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ የፈረሙት ቃል ከአዋጁ በታች ይወርዳል ወይስ አይወርድም የሚለው ነው።

በእርስዎ ውል ውስጥ በአንድ ፊርማ የታሰሩ ልዩ ልዩ ግዴታዎች አሉ፤ ሁለት ዓመት ማገልገል፣ ገንዘብ መክፈል፣ ሌላ ተቋም አለመቀጠር፣ ከእነዚህም ጋር የአጎትዎ ዋስትና። አሠሪዎ ሁሉንም «ውል ማፍረስ» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልሎ ስለጻፈልዎ እርስዎም ሁሉንም በአንድነት ፈርተዋቸዋል። እያንዳንዳቸው ግን የየራሳቸው ጥንካሬና ድካም ስላላቸው ለየብቻ መታየት አለባቸው።

ስለ መልቀቁ ነገሩ ግልጽ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በራሱ ፈቃድ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል የአዋጁ አንቀጽ 31 ይደነግጋል፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ስለማይበልጥም እርስዎ ይህን ካለፉት ቆይተዋል። ተቋሙ «ውሉ የሁለት ዓመት ውል ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ነገር ግን አዋጁ የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለውም አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ የሒሳብ ሥራ ከእነዚያ ውስጥ የሚገባ አይደለም። «ቢያንስ ሁለት ዓመት አገለግላለሁ» የሚል ቃልም ውሉን በሁለት ዓመት የሚያበቃ ውል አያደርገውም።

ከዚህ አንጻር የጥር 5ቱ ደብዳቤዎ በሕግ የተሰጠዎትን መብት የተጠቀሙበት ሲሆን፣ የጥር 17ቱ የእነሱ ደብዳቤ ግን የሚቆምበት መሠረት አይታየኝም። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ምክንያቶች በአንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል፤ ተደጋጋሚ ማርፈድና መቅረት፣ ማጭበርበር፣ የአሠሪን ገንዘብ ወይም ንብረት ያለአግባብ መጠቀም፣ በሥራ ቦታ ጠብ ማንሣትና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። ለመልቀቅ ማስጠንቀቂያ መስጠት በመካከላቸው የለም። በእኔ አስተያየት ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው። ይህን የምለው ግን በእነዚያ ቀናት ውስጥ በየዕለቱ ሥራ ገብተው እንደነበር በማመን ነው፤ ብዙ ወጣቶች የመልቀቂያ ደብዳቤ ካስገቡ በኋላ ሥራው ያለቀ እየመሰላቸው ስለሚቀሩ፣ አሠሪው ያልነበረውን ሕጋዊ ምክንያት በገዛ እጃቸው ይሰጡታል። የገቡበትን የሚያሳይ የሰዓት ፊርማ፣ ያወራረዱት ሒሳብ ወይም የፈረሙት ቫውቸር ቅጂ ካለዎት ይያዙት።

ሕገ ወጥ ስንብት በፍርድ ቤት ሲረጋገጥ ሠራተኛው ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም ካሳ እንዲከፈለው ይታዘዛል። ካሳው ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍና የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያ ነው፤ በ9,000 ብር ደመወዝ ሲሰላ 180 እጥፉ ብቻ 54,000 ብር ገደማ ይደርሳል። ይህን ቁጥር አይተው ግን ልብዎ አይነሣ። ተቋሙ «ሰውየው ከ18 ቀን በኋላ ራሱ ሊሄድ ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ ዳኛውም ይህን ከቁም ነገር ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ከካሳው ይልቅ አጥብቀው እንዲጠይቁ የምመክረው ስንብቱ ሕገ ወጥ መሆኑ እንዲወሰንልዎና በማኅደርዎ ውስጥ «በራሱ ፈቃድ ለቀቀ» ተብሎ እንዲስተካከል ነው፤ የሌላ ሰው ገንዘብ በአደራ በሚያዝበት ሙያ ውስጥ ገና ለጀመረ ወጣት «ተሰናበተ» የሚለው ወረቀት ከማንኛውም ካሳ የበለጠ ያስከፍለዋል።

ጊዜ እንዳያመልጥዎ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ከስንብቱ ጀምሮ በ3 ወር፣ ከስንብቱ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ክስ ተቀባይነት አያገኝም። የመጀመሪያው ገደብ በእርስዎ ጉዳይ ሚያዝያ 17 ላይ ያበቃል፤ ጥያቄዎ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ስለደረሰን መጽሔቱ እስኪታተም ሳንጠብቅ በስልክ የነገርንዎትም ስለዚሁ ነው። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም፤ የመጀመሪያ ደረጃው ችሎትም ክሱ በቀረበ በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ በአዋጁ ታዝዟል።

የእናትዎን ምክር አልንቀውም። ይቅርታ የሚጠየቅበት ጥፋት ባላይም፣ ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ገብተው የገንዘቡን ነገር ቢጨርሱት ለሁሉም ይበጃል፤ በደሴ ከተማ የገንዘብ ተቋማት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉና ነገ ሌላ ቦታ ሲያመለክቱ ስለ እርስዎ የሚጠየቁት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ ሽምግልና መቀመጥ ብቻውን ይርጋን አያቋርጥም። «እሑድ እንገናኝ፣ ከፋሲካ በኋላ እንጨርሰው» እየተባለ ሦስቱ ወር ያለፈባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ጥያቄዎን የሚቀበል የተፈረመ ጽሑፍ ከተቋሙ ካመጡልዎ መልካም ነው፤ ካላመጡ ክሱን በቀኑ ያስገቡና ሽምግልናው ከጎን ይቀጥል።

አሁን ወደ 50,000 ብሩ እንምጣ፤ የጉዳይዎ አስቸጋሪ ክፍል እዚህ ላይ ነው። አሠሪ በራሱ ወጪ ሠራተኛውን ልኮ ወይም አሠልጣኝ ቀጥሮ ሙያ ካስጨበጠው በኋላ፣ በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግለው ቢዋዋል ግዴታው ፍትሐዊ ነው፤ ሠልጥኖ በወሩ የሚጠፋ ሠራተኛ አሠሪውን እንደሚጎዳ መካድ አይቻልም። አምስት ቀን ተቀምጦ የተቋሙን መመሪያ ማንበብ ግን ማንኛውም አሠሪ ለገዛ ሥራው ሲል የሚያደርገው ማለማመድ ነው እንጂ ወደ ሌላ ቦታ ይዘውት የሚሄዱት ሙያ አይደለም። ስለዚህ የሥልጠናው ወጪ ስንት እንደሆነ በሰነድ እንዲያስረዱ በጽሑፍ ይጠይቋቸው። ከ50,000 ብሩ ውስጥ ወጪው የቱ፣ መቀጫው የቱ እንደሆነ ውሉ ራሱ አለመለየቱ ለእርስዎ ክርክር ይጠቅማል።

ከዚህም የጠነከረ መከራከሪያ አለ። አዋጁ በአንቀጽ 45 ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ የሄደ ሠራተኛ እንኳን ለአሠሪው የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ አንድ ቀን እንኳ ሳያስታውቅ የጠፋ ባልደረባዎ ቢበዛ 9,000 ብር የሚከፍል ከሆነ፣ በሥርዓት ማስጠንቀቂያ የሰጡት እርስዎ 50,000 ብር የሚከፍሉት በምን አግባብ ነው? መቀጫው ለመልቀቅ ብቻ የተጣለ እስከሆነ ድረስ አዋጁ ከሰጠው መብት በታች ያወርድዎታልና አንቀጽ 4ን ይጥሳል ብለው ይከራከሩ። ደግሞም አገልግሎቱን ያቋረጠው ማን ነው? እርስዎ የማስጠንቀቂያ ጊዜዎን እየሠሩ ሳሉ በሩን የዘጉት እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሳይሳካ ቀርቶ ፍርድ ቤቱ ግዴታውን ቢያጸናው እንኳ፣ ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ሳለ የተቆረጠው መቀጫ በሙሉ ይከፈል ማለት አይቻልም። ከ24 ወር ውስጥ 14ቱን አገልግለዋል፤ በቀረው 10 ወር ልክ ሲሰላ 21,000 ብር ገደማ ይመጣል። በሽምግልናም ሆነ በችሎት ከዚህ በላይ የሆነ ቁጥር አይቀበሉ። «ጭራሽ ምንም አይከፍሉም» ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ ግን አልደፍርም።

ደመወዝዎን በሙሉ መያዛቸው ፈጽሞ የማያሻማ ጥፋት ነው። በአንቀጽ 59 መሠረት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ አይቆረጥም፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም በእርስዎ ሂሳብ ከ3,000 ብር አይበልጥም። ውሉ ሲቋረጥ ደመወዝና ያልተጠቀሙበት የዓመት ዕረፍት ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያለበቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። ሆኖም ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ያልመለሰው ንብረት ወይም ገንዘብ ካለ ጊዜው ስለሚራዘም፣ ርክክብዎ መጠናቀቁን ያረጋግጡ። ቁልፍ፣ ማኅተም፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ በእጅ የነበረ ጥሬ ገንዘብ፣ የኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ የተረካቢው ፊርማ ሊኖርበት ይገባል። ለመረከብ እምቢ ካሉም መምጣትዎን የሚገልጽ ደብዳቤ በመዝገብ ቤታቸው አስገብተው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ።

ስለ ሁለት ዓመቱ እገዳ ብዙ አልልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። የደንበኛ ምስጢር አላወጣም ማለት ተገቢ ግዴታ ነው፤ ከለቀቁም በኋላ ይጠብቁት። ነገር ግን ቫውቸር የሚመዘግብ ጀማሪ ሠራተኛ ከሰሜን ሸዋ እስከ ጎንደር ባለ ክልል ውስጥ በተማረበት ሙያ እንዳይሠራ መከልከል የትኛውን የንግድ ምስጢር እንደሚጠብቅ አይገባኝም። እገዳው የተጻፈው ለመክሰስ ሳይሆን ለማስፈራራት ይመስለኛል፤ በእርስዎ ላይም የሠራው በዚያው መንገድ ነው።

አጎትዎን ዛሬውኑ ያረጋጓቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይወሰድ፣ በግልጽ ካልተሰጠና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈበት እንደማይጸና፣ ከተሰጠበት ወሰንም አልፎ እንደማይተረጎም ይደነግጋል። የፈረሙበትን ወረቀት ቅጂ ያስወጡና አብራችሁ አንብቡት። ዋስትናው «በሥራው ላይ ለሚደርስ የገንዘብና የንብረት ጉድለት» የሚል ከሆነ፣ እርስዎ ጉድለት እስካልተገኘብዎ ድረስ ያለጊዜው ለመልቀቅ የተጣለ መቀጫ አጎትዎን አይመለከታቸውም። የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ከመጀመሪያውም የጸና አልነበረም። ሱቃቸውን ያለ ፍርድ የሚያሸጥባቸው የለም።

ዲግሪዎ የእርስዎ ንብረት ነው፤ እውነተኛነቱን ማጣራት የሚፈልግ አሠሪ ዩኒቨርሲቲውን ይጠይቃል እንጂ መያዣ አያደርገውም። እንዲመልሱልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በዚያው ደብዳቤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ይጠይቁ። ሠራተኛው ሲጠይቅ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜውንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት በአዋጁ አንቀጽ 12 የተጣለ የአሠሪ ግዴታ ነው። ዕዳ አለ የለም የሚለው ክርክር ይህን ማስረጃ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ከዚህ የተለየ፣ በገንዘብ ተቋማት ልማድ የጸና አሠራር ስለሆነ፣ እሱን እስኪያገኙ ድረስ የሥራ ልምዱን፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎን ቅጂና የርክክቡን ቃለ ጉባኤ አንድ ላይ አያይዘው ማቅረብ ነው።

የኮምቦልቻውን ባንክ በሕግ መጠየቅ የሚቻል አይመስለኝም፤ ውል ገና አልተፈራረማችሁምና። ይሁንና ስለ ሁለት ዓመቱ ግዴታ አስቀድመው ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይጠብቁዎት ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት የደረሰባቸው ዜና ከዕዳው በላይ ሳያስደነግጣቸው አልቀረም። ስለዚህ የሆነውን በአንድ ገጽ ጽፈው ሰነዶቹን አያይዘው ለሰው ኃይል ክፍሉ ይላኩ፤ ቦታው ቢሞላም ስምዎ በማመልከቻዎች መካከል በደኅና ይቀመጣል። ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅም ይህን 14 ወር ከማስረጃዎ ላይ አይደብቁት። የጡረታ መዋጮዎ በስምዎ የተመዘገበ ስለሆነ አዲስ አሠሪ ሲቀጥርዎ መታየቱ አይቀርም፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ከክርክር ይልቅ የሚያስጠረጥረው የተደበቀ ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ በሚመጣው ሳምንት ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ድርጅት ውስጥ በገንዘብ ያዥነት ለመቀጠር ውል ልፈርም ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ውሉን አስቀድመው እንዲሰጡኝ ብጠይቅ «ስትፈርሚ ታዪዋለሽ» አሉኝ። ዋስ የሚሆነኝ አባቴ ነው። ምን ልጠንቀቅ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እኅታችን፣ ከላይ ያለውን መልስ ካነበቡ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ውሉን አስቀድሞ አለመስጠታቸው ደስ ባይልም የተለመደ ነው፤ በዕለቱ ግን «ቁጭ ብዬ ላንብበው» ማለት ማንንም አያስቀይምም፤ ቢያስቀይምም ከእነማን ጋር ሊሠሩ እንደሆነ ያሳውቅዎታል። የሙከራ ጊዜ ካለ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ የአገልግሎት ግዴታ ካለም ለየትኛው ሥልጠናና ለስንት ብር እንደሆነ ተለይቶ መጻፍ እንዳለበት ያስታውሱ። ያልገባዎት ወይም ያልተስማሙበት ቃል ካለ በእጅ ተሠርዞ ሁለታችሁም ጎኑ ላይ ትፈርማላችሁ። የተፈረመውን ውል ቅጂ ሳይዙ ከቢሮው አይውጡ።

በገንዘብ ያዥነት ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስለ ጉድለት የሚናገረው አንቀጽ ነው። «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ደረቅ ቃል ካገኙ፣ የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ገንዘቡ በየቀኑ ማታ በማን ፊት እንደሚቆጠር፣ ከእርስዎ በፊት የነበረው ገንዘብ ያዥ ያስረከበው ሒሳብ በኦዲት የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ቁልፉ በሌላም ሰው እጅ እያለ ጉድለቱን ብቻዎን የሚሸከሙበት ውል ከሆነ፣ ሥራው ቢያጓጓም በዚያው መልኩ እንዲፈርሙት አልመክርም።

አባትዎ የሚፈርሙበት የዋስትና ቅጽ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የታተመ ሲሆን የገንዘቡ ልክ የሚጻፍበት መስመር ክፍት ሆኖ ይቀርባል። አባትዎ ያን መስመር ራሳቸው በአኃዝና በፊደል ሳይሞሉት፣ ለምን ዓይነት ጉድለት ዋስ እንደሆኑም ተጽፎ ሳያዩ እንዳይፈርሙ።